ከቀዝቃዛው ክፍል የጠፋው አምባዛ

እሑድ ሊመሽ ሲል ባለልኳንዳው ዋልት ኖልቴ ወደ ሱቁ ቢመለስ፣ የኋላው በር ጓጉንቸር ለሁለት ተቆርጦ ደጃፉ ላይ ወድቆ አገኘው። በቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ አዳኞች በአደራ ያስቀመጡት የአጋዘን ሥጋ፣ በነጭ ወረቀት ተጠቅልሎ የየባለቤቱ ስም እንደ ተጻፈበት፣ በመደርደሪያው ላይ ሞልቶ ነበረ። ከዚያ ሁሉ ጥቅል አንዲት እንኳ አልጎደለችም። የጎደለው በመካከለኛው ጠረጴዛ ላይ በሸራ ተሸፍኖ የዋለው ሰማያዊ አምባዛ ብቻ ነበረ። ይህ ዓሣ ቅዳሜ ጠዋት ከሚዙሪ ወንዝ ወጥቶ በኖልቴ ሚዛን ዘጠና ሰባት ፓውንድ ተኩል የመዘነ፣ የግዛቱን ክብረ ወሰን ይሰብራል ተብሎ አውራጃው በሙሉ ያወራለት ዓሣ ነበረ።

የአውራጃው መርማሪ ሌላንድ ፍራይታግ ሲደርስ አስቀድሞ ያየው ጓጉንቸሩን ሳይሆን መሬቱን ነው። ፍራይታግ ሰውነቱ ከባድ፣ አነጋገሩ ዝግ ያለ፣ የያዘውን ነገር ግን ሳይጨርስ የማይለቅ ሰው ነበረ። ከቅዳሜ ማታ ጀምሮ ሲዘንብ የዋለው ዝናብ ገና ማባራቱ ነው። የልኳንዳው የኋላ ግቢ ሲሚንቶ ሲሆን፣ ከሲሚንቶው ጫፍ እስከ መንገዱ ያለው ግን ጭቃ ነው። ጭቃው አዲስ እንደ ተለሰነ ግድግዳ ልሙጥ ነበረ። የመኪና ጎማም ሆነ የሰው እግር አልረገጠውም።

«ዛሬ ጠዋት ሳየው ነበረ፤ በፊት ለፊቱ በር ወጥቶ ይሆናል» አለ ኖልቴ፣ ቀይ ፊቱን በሽርጡ እየጠረገ።

«በፊት ለፊት ያለው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ዛሬ ደግሞ እሑድ። የከተማው ሰው ሁሉ ደጁ ላይ ቆሞ፣ ሰው የሚያህል ዓሣ ተሸክሞ የሚያልፈውን ሰው ማንም አላየም?»

«እኔ ምን ዐውቃለሁ ሌላንድ? እኔ የዐርባ ዓመት ስም ያለኝ ባለልኳንዳ ነኝ እንጂ ፖሊስ አይደለሁም።»

«ቅዳሜ ዕለት ዓሣው ከመጣ በኋላ እዚህ የሆነውን ሁሉ ንገረኝ።»

ኖልቴ ሳይደናቀፍ ተናገረ። ሮንዳ ኬሊሰን ዓሣውን በጀልባዋ አምጥታ፣ ዘመድ ያልሆኑ ሁለት ምስክሮች በተገኙበት፣ የመንግሥት ማኅተም ባለበት ሚዛን ላይ ሰቀለችው። ፎቶግራፍ ተነሣ። ከዚያም የግዛቱ የዓሣ ባለሙያ ሰኞ ቀትር መጥታ እስክታየው ድረስ በቀዝቃዛው ክፍል ተቀመጠ። ደንቡን በወንዙ ዳር የማያውቅ የለም፤ ባለሙያ ሙሉ ገላውን በዐይኑ ያላየውና ዘሩን ያላረጋገጠው ዓሣ፣ ተራራ ቢያህል እንኳ በክብረ ወሰን አይጸድቅም።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። ሰው ሁሉ አጨብጭቦ ወደ ቤቱ ሄደ።»

በማግስቱ ጠዋት ፍራይታግ ወደ ጀልባ ማውረጃው ወረደ። ሮንዳ ኬሊሰን ጀልባዋን ተሳቢው ላይ እንዳለ ታጥብ ነበረ። ይህች ሴት ከሩቅ ከተማ የሚመጡ አጥማጆችን ወንዙን እየመራች ዓሣ ወዳለበት የምታደርስ፣ በዚሁም የምትተዳደር ነበረች።

«ተገኘ?» አለችው፣ ሰላምታውን ሳትጠብቅ።

«ገና ነው።»

«እንግዲያው የሰረቅሁት እኔ ነኝ። አልሰማህም? በገንዘብ ከሚጠመድበት ኩሬ ገዝታ ያመጣችው ዓሣ ነው፣ ባለሙያዋ እንዳታጋልጣት ደበቀችው እያሉ ነው። ሁለት ደንበኞች ዛሬ ጠዋት ቀጠሯቸውን ሰርዘዋል። አንደኛው አራት ዓመት ሙሉ በኔ ጀልባ የወጣ ሰው ነው። ‹ሮንዳ፣ ለጊዜው ይቆየን› አለኝ። ለጊዜው!»

«እውነት ከወንዙ ነው የያዝሽው?»

ብሩሹን ወደ ባልዲው ወረወረችው። «ከሌላ ሰው ቢመጣ ኖሮ ይህ ጥያቄ ጠያቂውን ውሃ ውስጥ ያስጨምር ነበረ።»

«ሥራዬ መጠየቅ ነው።»

«ከወንዙ ነው። በዘንግ፣ በአንድ መንጠቆ፣ ማንም ሳያግዘኝ። ስማኝ፤ ክብረ ወሰኑን ባጣ ሌላ ዓሣ አጠምዳለሁ። ስሜን ባጣ ግን ማን ጀልባዬ ላይ ይወጣል? ዓሣውን አምጣልኝ። ቢያንስም ይነስ፤ ብቻ ሰው በዐይኑ ይየው።»

«ባለሙያዋ እስከ ዓርብ ትጠብቃለች። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ ይዘጋል።»

«ታዲያ ምን ቆመህ ታየኛለህ?»

የዓሣው መጥፋት ለማን ይበጃል ቢባል፣ በከተማው ያለ ሕፃን እንኳ የሚጠራው ስም አንድ ነው፤ ዶይል ፔቲት። ዶይል በጡረታ የወጣ የጭነት መርከብ መሪ ነበረ። ዘጠና ስድስት ፓውንድ የመዘነው አምባዛው ሃያ ዓመት ሊሞላው ለተቃረበ ጊዜ የግዛቱን ክብረ ወሰን ይዞ ኖሯል። መንጠቆና የማጥመጃ ትል በሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ከምድጃው አጠገብ ያለው ወንበር የርሱ ነው፤ ከወንበሩ በላይ የተሰቀለው ፎቶግራፍም የርሱ ነው።

«መጣህ፣ የፍራይታግ ልጅ!» አለ ሽማግሌው ከወንበሩ ሳይነሣ። «እናትህ ደኅና ናት? እጄን ለካቴናው ልዘርጋልህ ወይስ ቡናዬን ልጨርስ?»

«እናቴ ደኅና ናት። ቡናዎን ይጨርሱ። እሑድ የት ዋሉ?»

«ቤቴ።»

«ጎረቤትዎ መኪናዎ ከነጀልባው ጠዋት ወጥቶ ሲመሽ ነው የገባው አለችኝ።»

«ያቺ ሴትዮ ከመስኮቷ ሌላ መተዳደሪያ የላትም?»

ምድጃውን ከበው የተቀመጡት ሽማግሎች ሣቃቸውን ዋጡ።

«የት ነበሩ ሚስተር ፔቲት?»

«አጥማጅ ነኝ፤ አጠመድሁ።»

«የት?»

«ውሃ ላይ።»

«ቦታውን ቢነግሩኝ አጣርቼ እተውዎታለሁ። ባይነግሩኝ ግን ሰው ሁሉ ሌባው ዶይል ነው ማለቱ አይቀርም።»

«ቦታውን ለአንተ ነግሬ፣ አንተ ለምክትልህ፣ ምክትልህ ለወንድሙ ነግሮ፣ ሳምንቱ ሳያልቅ እዚያ ሃያ ጀልባ ይቆማል። እሰረኝ ይልቅ! እስር ቤቱ ሙቀት አለው፤ ሚስቴም ከኔ ታርፋለች።»

«የሮንዳ ዓሣ ከእርስዎ ዓሣ እንደሚበልጥ ያምናሉ?»

ዶይል መልስ ከመስጠቱ በፊት ከሽማግሎቹ አንዱ ቀደመው። «በዋልት ሚዛን ላይ የማይበልጥ ዓሣ አለ እንዴ? ቸር ሚዛን እኮ ነው! ቤትህ ወስደህ ስትመዝነው ዓሣው መንገድ ላይ ከስቶ ይቆይሃል። እህል ነጋዴው ማኅተም ያለው ሚዛን እያለው፣ ሁላችንም ወደ ዋልት የምንሮጠው ለምን ይመስልሃል?»

«የኔ ዓሣ መንገድ ላይ አልከሳም!» ብሎ ዶይል ጮኸ፤ ቤቱም በሣቅ ሞላ። ፍራይታግም ዐብሮ ሣቀ። ይህን ቀልድ ከልጅነቱ ጀምሮ ሰምቶታልና ከቁም ነገር አልቆጠረውም።

የዶይል ነገር ግን ከቀትር በፊት ተፈታ። የዱር አራዊትና የዓሣ ጥበቃው ዘብ ስልክ ደውሎ እያመነታ ተናገረ።

«ዶይልን ተወው ሌላንድ። እሑድ ረፋድ ላይ የማጥመጃ ፈቃዱን አይቼለታለሁ፤ ከሰዓት በኋላም እዚያው ነበረ። ከዚህ በወንዙ ሽቅብ ሁለት አውራጃ ዐልፎ ነው።»

«የት ላይ?»

«አስምሎኛል።»

«ፖሊስ ነኝ እኮ!»

«ሽማግሌው ሊያለቅስ ምንም አልቀረው፤ ማልሁለት። በፍርድ ቤት ከጠየቅኸኝ እናገራለሁ፤ አሁን ግን ዶይል ልኳንዳው አጠገብ እንዳልደረሰ በመሐላዬ ልትጽፈው ትችላለህ።»

ፍራይታግ ስልኩን ዘጋ። በወንዙ ዳር የተወለደ ሰው በመሆኑ ነገሩ አልደነቀውም፤ ዶይል ሌባ መባልን መርጦ በወንዙ ውስጥ ዓሣ የሚያገኝበትን ጉድጓድ ሸሽጓል። አጥማጅ ሚስቱን ለጎረቤት ቢያማ እንኳ ጉድጓዱን አይናገርም።

እንግዲህ የቀረው የኩሬው ወሬ ነበረ። የግዛቱ የዓሣ ባለሙያ ማርሊን ቮስ በቀጠሮዋ መጥታ ባዶውን ጠረጴዛ ካየች በኋላ፣ ፍራይታግ የቅዳሜውን ፎቶግራፎች በቢሮው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋላት። እያንዳንዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን እያስጠጋች መረመረችው።

«ክንፎቹን ይመልከቱ። ጠርዛቸው ሙሉ ነው፤ ጅራቱም አልተበላም። በኩሬ ተጨናንቆ የኖረ ዓሣ ክንፉ ይላጣል፤ ጢሙም ከግድግዳ ጋር ሲታሽ ያጥራል። የዚህ ጢም ግን እንደ ጅራፍ ነው።»

«የወንዝ ዓሣ ነው ማለት ነው?»

«በኔ ግምት አዎ። ነገር ግን በፎቶግራፍ የሚጸድቅ ክብረ ወሰን የለም፤ ገላውን ማየት አለብኝ። ያሳዝናል፤ ሚዛኔን ሳይቀር ጭኜ ነው የመጣሁት።»

ፍራይታግ ቀና አለ። «ሚዛን? ተመዝኖ የለም እንዴ?»

«ከቀድሞው የሚበልጠው በአንድ ፓውንድ ተኩል ብቻ ነው። ልዩነቱ ሲጠብ በራሴ ሚዛን እደግማለሁ። ይህንኑ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ልኳንዳው ደውዬ አሳውቄያለሁ።»

«ለማን አሳወቁ?»

«ስልኩን ላነሣው ሰው። ባለቤቱ ነኝ አለኝ። ሁለት ጊዜ ደጋግሞ ‹የራስዎን ሚዛን?› ብሎ ጠየቀኝ፤ እኔም አዎ አልሁት። በጣም ትሑት ሰው ነበረ።»

ኖልቴ የቅዳሜውን ነገር ሁሉ፣ የጭብጨባውን ድምፅ ሳይቀር ተርኮለት ነበረ። ይህን ስልክ ግን አልጠቀሰም። ከዚህ በኋላ ያልተረገጠው ጭቃና በምእመናን የተሞላው የቤተ ክርስቲያን ደጅ በልቡ ውስጥ በአንድነት ቆሙ። ዓሣው በኋላም በፊትም ካልወጣ፣ ጨርሶ አልወጣም። የሽማግሎቹ ቀልድ ከዚያ ተከተለ፤ ፍራይታግ በዚህ ጊዜ አልሣቀም።

ማክሰኞ ልኳንዳው እንደ ተከፈተ ፍራይታግ በትከሻው የከብት ጨው ከረጢት ተሸክሞ ገባ። አፉ በፋብሪካ እንደ ተሰፋ ያልተፈታ ከረጢት ነበረ። አንዲት ሴት ቋሊማዋን ተቀብላ እስክትወጣ ድረስ በትዕግሥት ቆመ።

«ከጎድኑ ላስቀርልህ ዛሬ?» አለ ኖልቴ።

«ገዢ ሆኜ አልመጣሁም። ይህን ስቀልልኝ።»

የኖልቴ እጅ ሽርጡ ላይ ቀረ። «የጨው ከረጢት ለምን ይመዘናል? ሃምሳ ፓውንድ ተብሎ ተጽፎበታል።»

«ስለ ተጻፈበት ነው።»

«ሥራ አለብኝ ሌላንድ።»

«እኔም ሥራ ላይ ነኝ።»

ባለልኳንዳው አልተንቀሳቀሰም። ፍራይታግ ራሱ ከረጢቱን አንሥቶ በመንጠቆው ላይ ሰቀለው። መርፌው ተንቀጠቀጠ፤ ሃምሳን ዐለፈ፤ ሃምሳ አንድ ተኩል ላይ ቆመ።

«ከረጢቱ እርጥበት ስቦ ይሆናል።»

«አሁን ከእህል ነጋዴው ሚዛን ላይ አውርጄ መምጣቴ ነው። እዚያ ሃምሳ ነበረ። መንገድ ላይ ወፈረ አትለኝም መቼም።»

«ማኅተሙን እየው! የመንግሥት ተቆጣጣሪ በየበጋው መጥቶ…»

«ይመጣል። ሲመጣ አስተካክለህ ትጠብቀዋለህ፤ ሲሄድ መልሰህ ታጣምመዋለህ። ዋልት፣ እኔ የሮንዳን ዓሣ የሚፈራው ዶይል ብቻ ነው ብዬ ነበረ። ዶይል የሚፈራው ዓሣውን ነው። አንተ የፈራኸው የባለሙያዋን ሚዛን ነው። ዓሣው በዚያ ሚዛን ላይ ከተሰቀለ፣ በየሃምሳው አንድ ተኩል የሚጨምረው ሚዛንህ ለዓሣው የጨመረለት ሦስት ፓውንድ ከየት እንደ መጣ አገር ይጠይቅ ነበረ። ጓጉንቸሩን የቆረጥኸው አንተ ነህ።»

ኖልቴ ሥጋ በሚከተከትበት ጉማጅ ላይ ቁጭ አለ።

«አንድ ሰው ቅር ብሎት አያውቅም» አለ በመጨረሻ። «አንድም ሰው! ዓሣቸውን ሲሰቅሉ ያጨበጭቡልኝ ነበረ። ስሜን ያነሡ ነበረ።»

«ሥጋ ሲገዙህስ?»

ኖልቴ ሽርጡን ፈቶ ጉልበቱ ላይ አኖረው።

በእውነቱ የወንዙ ሰው ነገሩን በግማሹ ሲያውቀው ኖሯል። ቸር ሚዛን እያለ ያሞገሰው መሣሪያ፣ ዓሣውን ባከበደለት እጅ ቋሊማውንም እንደሚያከብድበት አንድ አጥማጅ እንኳ አላሰበም። የዓሣው ክብደት ሲነገር ደረቱን የሚነፋ ሰው የሥጋውን ክብደት መጠርጠር አይሆንለትም፤ ሁለቱን የሚመዝነው መርፌ አንድ ነውና።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ ፍራይታግ።

«ሱቁን ከአባቴ ከተረከብሁ ጀምሮ።»

«የዶይል ዓሣ ሲመዘንም?»

«የዶይልም።»

«ሮንዳን ሌባ ሲሏት ሰምተሃል?»

«እዚሁ ባንኮኒው ላይ ሰምቻለሁ።»

«ቋሊማ እየሸጥህ?»

ኖልቴ ዐይኑን ከመሬት አላነሣም። «እየሸጥሁ።»

«ተነሥ። የት እንዳለ አሳየኝ።»

በሲሚንቶው ግቢ ጥግ አዳኞች የሚተዉት የአጋዘን ቆዳ በጨው ተነስንሶ የሚከመርበት ጎጆ ነበረ። ኖልቴ ቆዳዎቹን አንድ በአንድ አነሣ። ከታች፣ በበረዶ መካከል በሸራ ተጠቅልሎ፣ አምባዛው ተጋድሟል። ግራጫ ሰማያዊ ጀርባው አልተነካም።

«ልከትፈው ቢላዋ አንሥቼ ነበረ» አለ ኖልቴ። «ተከትፎ ከአጋዘኑ ሥጋ ጋር ቢጠቀለል ማን ያገኘው ነበረ? ነገር ግን እኔም አጥማጅ ነኝ። እንዲህ ያለ ዓሣ በዕድሜዬ አላየሁም። እጄ እምቢ አለኝ።»

«ለዓሣው የራራኸውን ያህል ለሴትዮዋ ብትራራ ኖሮ» አለ መርማሪው፤ ካቴናውንም አወጣ።

ወሬው ከመኪናው ቀድሞ ከተማውን አዳረሰ። በማግስቱ ጠዋት ወደ እህል ነጋዴው ግቢ፣ የሮንዳን ምስክሮች ጨምሮ፣ ቤቱን ዘግቶ ያልመጣ ሰው አልነበረም። ቀጠሮ ከሰረዙት ደንበኞች አንዱ ሳይቀር ኮፍያውን ወደ ዐይኑ ስቦ ከኋላ ቆሟል። ሮንዳ እጆቿን ኪሷ ውስጥ አድርጋ ከዓሣው አጠገብ ቆመች፤ ግራ ቀኝ አላየችም።

ማርሊን ቮስ ተንበርክካ በሆዱ ሥር ያለውን የክንፉን ቀጥ ያለ ጠርዝ በጣቷ ተከተለችው፤ ጢሙን ዘረጋችው፤ መንጋጋውን ከፍታ የመንጠቆውን ቁስል አየች።

«ሰማያዊ አምባዛ ነው» አለች። «የወንዝ ዓሣ ነው። በአንድ መንጠቆ ነው የተያዘው።»

በሕዝቡ መካከል አንድ ማጉረምረም ዐለፈ። ከዚያም ዓሣው ባለሙያዋ ባመጣችው ሚዛን ላይ ወጣ፤ መርፌውም እስኪረጋ ድረስ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ያዘ።

«ዘጠና አራት ተኩል» አለች ቮስ በቀስታ።

ሮንዳ አልተነቃነቀችም። «ጮክ ብለሽ ድገሚው። ከኋላ ያሉት አልሰሙም።»

«ዘጠና አራት ፓውንድ ተኩል!»

«እንደዚያው ጻፊው። አንዲት አትጨምሪበት።»

ከዘጠና ስድስት ማነሱን የማያውቅ አልነበረም። ዶይል ፔቲት ሰውን በክርኑ እየገፋ ወደ ፊት መጣ። ፊቱ እንደ ታመመ ሰው ገርጥቷል።

«አንቺ ልጅ፣ የኔስ?» አለ ወደ ባለሙያዋ።

«የእርስዎ የጸደቀ ነው። ዘጠና ስድስት።»

«በምን ሚዛን?»

ቮስ ወረቀቶቿን መግለጥ ጀመረች፤ ዶይል ግን አልጠበቃትም።

«በዋልት ሚዛን። እንግዲያው ሰርዢው።»

«እንዲህ በቃል አይሰረዝም፣ ጌታዬ። ደግሞም ቢሰረዝ ከእርስዎ በፊት የነበረው ዘጠና አንድ ነው፤ ከዚያ በኋላ…»

«ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ዐውቃለሁ። የት ነው የምፈርመው?»

ሮንዳ ከኪሷ እጇን አወጣች። «ዶይል፣ ስጦታ አልጠየቅሁህም።»

«ማን ሰጠሽ? እኔ ስጦታ የምሰጥ ሰው መስዬ ታየሁሽ?» ሽማግሌው ኮፍያውን አወለቀ። «መቀነስ እችላለሁ እኮ፤ ትናንት ማታ ስቀንስ ነው ያደርሁት። በአንድ አጭበርባሪ ሚዛን ላይ የኔ ዘጠና ስድስት ሆነ፣ ያንቺ ዘጠና ሰባት ተኩል ሆነ። ዓሣሽ ከዓሣዬ ይከብዳል። ያመኛል፤ ግን ይከብዳል። ሰማችሁ? ይከብዳል!»

ቮስ ወረቀቱን በመኪናዋ ላይ ዘረጋችለት፤ ዶይልም እየተጫነ ፈረመ። ከዚያ ብዕሩን መልሶ ወደ ሮንዳ ዞረና ሰው ሁሉ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ሐሙስ ጀልባሽ ላይ ቦታ አለ?»

ዶይል ፔቲት በሰው ጀልባ ወጥቶ የሚያውቅበት ዘመን አልነበረም።

«አንተ? በኔ ጀልባ?»

«ተራዬን ጠብቄ፣ እንደ ማንኛውም ደንበኛ።»

ሮንዳ ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። «ጎሕ ሲቀድ እንነሣለን። ብትዘገይ ጥዬህ እሄዳለሁ። ዘንግህን ቤትህ ተወው፤ በኔ ዘንግ ነው የምታጠምደው።»

«ዶይል በሴት ዘንግ!» አለ ከሽማግሎቹ አንዱ ከኋላ።

ዶይል ኮፍያውን መልሶ ደፋና ዞሮ ተናጋሪው ላይ አፈጠጠ።

«በባለ ክብረ ወሰን ዘንግ» አለው።